አንገት ደፊ

«አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» ይባላል። እኔ አንገቴን ከደፋሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ያጠፋሁት ያንኑ አንገቴን ብቻ ነው። ጥርስ ሐኪም ነኝ። ከአየር ጤና ወደ ወይራ ሰፈር በሚወስደው መንገድ፣ ከታች ፋርማሲ ከላይ ጂም ባለበት ሕንጻ ውስጥ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አፍ ላይ አጎንብሼ እውላለሁ።

ሥራችን በእጅ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በማጅራት ነው የሚሠራው። የሰው ራስ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ቀና ብለው ሲቀመጡ አከርካሪ ይችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሀንስራጅ የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ባወጣው ስሌት ግን፣ 60 ዲግሪ ሲያጎነብሱ አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ይደርሳል። ከሩብ ኩንታል የሚበልጥ ጤፍ በማጅራት ተሸክሞ ሩት ካናል መሥራት ማለት ነው እንግዲህ። ባለፈው ሳምንት ቀና ስል አንገቴ «ቀጭ» አለ። ወንበሩ ላይ የተኙት እናት አፋቸውን እንደከፈቱ አዩኝ፤ ጥጡን ሳወጣላቸው «ልጄ፣ የታመመው ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መድኃኒቱ አለ፣ ሉፕ ይባላል። መነጽር ላይ የተተከሉ ሁለት ትናንሽ ማጉሊያዎች ናቸው። ተራው 2.5 እጥፍ ያጎላል፤ ይሁንና ወደ ታች የሚያይበት ዘንበል ትንሽ ከሆነ ጥርሱን እያሳየ የሐኪሙን አንገት ይበላል። አዲሱ፣ «ኤርጎ» የምንለው፣ ውስጡ ባለው ፕሪዝም የእይታውን መስመር ወደ ታች ይሰብረዋል። ሐኪሙ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ የሚያይ መስሎ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ የሚታየው ግን የበሽተኛው መንጋጋ ነው። ቪዲዮውን ባየሁ ቁጥር ምራቄን እውጣለሁ።

ደህና የሚባለው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ «ትንሽ ላጠራቅም» አልኩ። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ ብሬ እዚያው ቆሞ ሉፑ ሸሸኝ። ባለቤቴ ደግሞ «ለመነጽር?» ትላለች። ፍሪጃችን ከተበላሸ ቆይቷል፣ አልፈርድባትም።

እንደምንም ተሟላና ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ችግሩ ሉፕ እንደ ሠርግ ሱፍ በልክ የሚሠራ መሆኑ ነው። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ይለካል፤ ከዓይን እስከ በሽተኛው አፍ ያለውም ይለካል። ከማዘዜ በፊት ለኪ ስላላገኘሁ የልጄን ማስመሪያ አፍንጫዬ ላይ አጋደምኩ፤ ረዳቴ «ዶክተር፣ አይሳቁ» እያለች ሚሊ ሜትር ቆጠረች። የብሌኑ ልክ መጣ። የአፉ ርቀት ግን ተሳሳተ፦ በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ ብቻ ጥርት የሚል ሉፕ ደረሰኝ። እኔ አጭር ሰው ነኝ። እንደልማዴ ስቀመጥ ጥርሱ ጉም ይለብሳል፤ እንዲጠራልኝ ወደ ኋላ ስሸሽ ክንዴ አይደርስም። ቁመቱ 1.85 የሆነ ባልደረባዬ «ልሞክረው» ብሎ ወሰደና «ገነት ነው!» አለኝ። እስካሁን አልመለሰም።

ቢመለስስ? የሚያጎላ ነገር ሁሉ ብርሃን ይፈልጋል። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ቦታ ይጠባል፣ ይጨልማልም። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ አራተኛ የሥር ቦይ እንደሆነ በደህናው ቀንም ተደብቆ የሚኖር ነው። ልክ ጫፉን ያገኘሁት ሲመስለኝ መብራት ድርግም ይላል፣ ኮምፕረሰሩ ተንፍሶ ይቆማል፣ ረዳቴ የስልኳን ባትሪ ታበራለች። እኔም ወደ 60 ዲግሪዬ እመለሳለሁ።

ዓይኑ ላይ ማጉሊያ ሰክቶ የሚሠራ ሰዓት ሠሪ ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ። ሰዓቱን አንስቶ ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፣ ያገላብጠዋል። የእኔ ሰዓት ምራቅ ይውጣል፣ ያስላል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ መርፌው ሳይወጣ ዋጋ ይከራከራል።

ማታ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ሚኒባስ ስይዝ የሚደርሰኝ የኋላው ወንበር ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ እዚያም አንገት ተደፍቶ ነው የሚኬደው። ረዳቱ «ጠጋ፣ ጠጋ» ይላል። ለአጭር ሰው ምን ያስደፋዋል የምትሉ ካላችሁ፣ ከጎኔ ጭኑ ላይ ያቆመው ሻንጣ ወደ አንገቴ የሚያዘነብልበት ሰው እንዳለ አትርሱ።

ዶላሩንም መብራቱንም እናንተ አታመጡልኝም። አንድ ነገር ግን በእጃችሁ ነው። ሐኪሙ «ትንሽ ወደ እኔ ዞር ይበሉ» ሲል ከአሥር ሰው ዘጠኙ የሚያዞረው ዓይኑን ብቻ ነው። በእናታችሁ፣ ራሳችሁን አዙሩልን።