ውዳሴ ግምጃ ቤት

በአገራችን ካበቡት የአስተዳደር ጥበባት መካከል እስከ ዛሬ ወዳሽ ያላገኘ አንድ ጥበብ አለ፤ እርሱም የጽዳት ዕቃን ከቆሻሻ ጠብቆ የማቆየት ጥበብ ነው። የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ አረርቲ፣ ጤፏ በአዲስ አበባ ገበያ የተመሰገነላት፣ ስሟንም ለአንድ የተሻሻለ የሽምብራ ዝርያ ያዋሰች እንደ መሆኗ፣ ከዚህም ጸጋ ድርሻዋን አላጣችም። ይህ ጥበብ ያበበበትን መሥሪያ ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም፤ አንባቢ ደጋግሞ የተመላለሰበትን ማንኛውንም መሥሪያ ቤት በኅሊናው ቢሥል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

ወደ ግምጃ ቤቱ ለመግባት የታደለ ሰው የሳሙናው ካርቶን በማዕረጉ ተደርድሮ፣ በረኪናው ተሰልፎ፣ መወልወያው ፕላስቲኩ ሳይገለጥ ቆሞ፣ በየመደርደሪያው የዕቃ መቆጣጠሪያው ቢን ካርድ ተንጠልጥሎ፣ በግድግዳውም ላይ በ«ማ» የሚጀምሩት አምስቱ የካይዘን መመሪያዎች በትልልቅ ፊደላት ተጽፈው ሲያይ፣ ጫማውን ማውለቅ ያምረዋል። ካይዘን በአገራችን በጃፓኖች እርዳታ በ30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ በ2004 ዓ.ም. የራሱ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት የሥራ ማሻሻያ ትምህርት ነው። ጃፓኖቹ መደርደሪያን የሚያስተካክሉት ሠራተኛው የሚፈልገውን ዕቃ ሳይንከራተት እንዲያገኝ ነበር፤ የእኛ ሊቃውንት ግን ትምህርቱን ከፍ ወዳለ ደረጃ አድርሰው፣ ጎብኚ ሳይንከራተት ፎቶግራፍ እንዲያነሣበት አድርገውታል።

ከዚያው ግቢ ማዶ ባለው መጸዳጃ ቤት ግን ሳሙና የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ያለ ጓንት፣ ውሃ የመጣ ዕለት በውሃ፣ ያልመጣ ዕለት በትዕግሥት ትወለውላለች። ወደ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ወደ ዐቃቤ ንዋዩ፣ ቀርባም «ጋሼ፣ ሳሙና እኮ አልቋል» ስትል፣ ዐቃቤ ንዋዩ መነጽሩን አስተካክሎ «እትዬ፣ ካርዱ ላይ አለ፤ እንዴት ያልቃል?» ይላታል። የዕቃ መጠየቂያው ሞዴል 20 ይሞላል፤ የቅርብ አለቃ ይፈርማል፤ ሌላ አለቃ ያጸድቃል፤ በመጨረሻ የዕቃ ማውጫው ሞዴል 22 ሊቆረጥ ሲል ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር ለሥልጠና ደብረ ብርሃን መሄዱ ይሰማል። ሥልጠናውም በንብረት አያያዝ ላይ ነው።

በዐቃቤ ንዋዩ ላይ ግን አንፍረድ። ዋስ ጠርቶ የተቀጠረ ሰው ነው፤ አንድ ካርቶን ቢጎድልበት ከደመወዙ ይቆረጣል። ሳሙናው ሳይነካ አሥር ዓመት ቢቀመጥ፣ ባለጉዳዮችም በቆሸሸ እጅ ቢመላለሱ፣ የሚጠይቀው የለም፤ የጎደለ ንጽሕና የሚመዘገብበት ሞዴል ገና አልታተመምና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 ዶክተር ኢግናዝ ሴምልቫይስ በቪየና ሆስፒታል ሐኪሞች እጃቸውን የበረኪና ዘመድ በሆነ የክሎሪን ውሁድ እንዲታጠቡ አዝዞ፣ በወላዶች ላይ ይደርስ የነበረውን ሞት እጅግ ቀነሰው። እንዲህ ያለው ችኩል ሰው በእኛ ግምጃ ቤት ሥር አለማገልገሉ ዕድለኛነቱ ነው፤ ትእዛዙ ጸድቆ እስኪወጣ ድረስ ወላዶቹ ባልጠበቁትም ነበር።

ግምጃ ቤቱን የመሙላቱ ሥርዓት ደግሞ ዕቃ ከማውጣቱ ይልቅ ይመስጣል። ዓመቱን ሙሉ «በጀት የለም» ሲባል ይከርምና ሰኔ ሲገባ፣ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን በተነሣ መንፈሳዊ ቅንዓት፣ አምና የተገዛው ሁሉ በአምናው ዝርዝር ይገዛል። ያለቀው ጓንት አምና በዝርዝሩ አልነበረምና ዘንድሮም አይገዛም፤ የተትረፈረፈው በረኪና ግን ይደገማል። አዲሱ ከፊት ይደረደራል፤ አሮጌው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቆርቆሮ ጣሪያው ሥር፣ በምንጃር ሐሩር፣ ኃይሉን ጨርሶ ወደ ውሃነት ይመለሳል። የአካባቢው ገበሬ ጤፍ ለዓመታት ቢቀመጥ ነቀዝ እንደማይደፍረው፣ ሽምብራ ግን ካልተሸጠ ወይም ካልተበላ እንደሚነቅዝ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስለዚህ ጎተራውን በዚሁ ዕውቀት ያዝዛል። እርሱ ግን የንብረት አያያዝ ሥልጠና አልወሰደም።

ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባ እንደ ነበረ፣ የቆጠራው ኮሚቴም በበጀት ዓመቱ ማብቂያ፣ ሰኔ 30፣ ወደዚህ መቅደስ ይገባል። የሞተውን በረኪና ከሕያዋን ጋር ይቆጥራል፤ ካርዱና መደርደሪያው ተስማምተው ሲያገኛቸው «ጉድለት የለም» ብሎ ይፈርማል።

እንግዲህ የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ በመጪው ሰኔ ከግምጃ ቤቱ ስትወጡ ብዕራችሁን ሳትከድኑ ግቢውን ተሻግራችሁ፣ በመጸዳጃ ቤቱ ያለውን ሳሙና ደግሞ ቁጠሩልን።