ሸክም ፍለጋ

ሊነጋጋ ሲል መስቀል አደባባይ ብቅ ያለ ሰው ጎረቤቴን ያገኘዋል። በየቁርጭምጭሚቱ አንዳንድ ኪሎ አሸዋ አስሮ በደረጃው ላይ ከዳር ዳር ይመላለሳል። ጫማውን ደግሞ እዩልኝ! በዘመድ ከውጭ ያስመጣው ነው፤ የመረጠውም ስለሚቀል ነው። 200 ግራም እንደማይሞላ በኩራት ነግሮኛል። በጫማው ያተረፋትን ግራም በአሸዋ መለሳት፤ ከነወለዷ።

«ክብደቱ ሲፈታ እግሬ ይበራል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይበራል። ጀሪካን ሙሉ ውሃ በእጇ አንጠልጥላ የመጣች ሴትም ስታወርደው ክንዷ ይንሳፈፍባታል፤ ጥቂት ቆይቶ ይተዋታል እንጂ። የሩጫ አጥኚዎች የሚባሉት ምቀኞች ግን በየጫማው 100 ግራም ሲጨመር ሩጫው የሚፈጀው ጉልበት 1 በመቶ ያህል ያድጋል ባዮች ናቸው። አንድ እግር በደቂቃ 90 ጊዜ ያህል ይነሣል፣ በሰዓት 5,400 ጊዜ። ስለዚህ ጎረቤቴ በአንድ ሰዓት ሩጫ፣ በአንድ እግሩ ብቻ፣ 54 ኩንታል አሸዋ ያነሣል። ግንባታ ቦታ ቢሆን ይከፈለው ነበር።

ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:11:53 ስትጨርስ የተጫማችው ጫማ 138 ግራም ነበር። ምስኪን፣ አሸዋ የሚያቀብላት አጥታ! አበበ ቢቂላማ ሮም ላይ ጫማውንም ትቶታል።

«ኃይሌስ? ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት እየሮጠ አይደል ያደገው?» ይለኛል ሲጨንቀው። ነው። ግን ደብተሩ ያወረሰው ግራ ክንዱን አጥፎ መሮጥን ነው። ምሥጢሩ ደብተር ቢሆንማ የመዝገብ ቤት ሠራተኛን ማን ይቀድመው ነበር?

ክብደት አይነካ አልወጣኝም። ጂም ገብቶ ብረት እያነሣ ቁጭ ብድግ የሚል ሯጭ ይጠቀማል፤ ሲወጣ ግን ብረቱን እዚያው ጥሎት ነው። የኛው ሰው ጉልበቱን ማመም ሲጀምረው «እየሠራልኝ ነው» አለ።

ባለፈው እሑድ እንጦጦን ስንወጣ አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው አረፍ ብለዋል። በጎረቤቴ ሕግ ቢሆን የዓለም ሪከርድ ሁሉ የእሳቸው ነበር። እግሩን አይተው ደነገጡ።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው የታሰርከው?»

«ክብደት ነው እማማ፣ ለልምምድ።»

«ሸክም ፈልገህ ነው? ታዲያ ምን አስቸገረህ!» ብለው የእንጨቱን ገመድ ከትከሻቸው ማውለቅ ጀመሩ።

ጎረቤቴ ያን ያህል ሲፈጥን አይቼው አላውቅም። ከነአሸዋው።