«ወ» የሚባለው ፎልደር

የእድራችን ፋይል ክላውድ ላይ ይውጣ የተባለው መዝገቡን አይጥ ስለቀመሰው ነው። ሥራው ኮምፒውተር ለሚማር የአባል ልጅ ተሰጠ፤ ክፍያው ሻይና ብስኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ይህን አስቀድሜ ልመስክርለት። አባሉ በስልኩ ፎርም ይሞላል፣ የቀበሌ መታወቂያውን ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ፎቶውን አባሉ በሞላው ስም ሰይሞ ከባሕር ማዶ በተከራየነው ማከማቻ ያስቀምጠዋል። «አባሉ በሞላው ስም» የምትለዋን ያዙልኝ።

ማከማቻው ሲከፈት የእድሩ ሴቶች በሙሉ «ወ» በሚባል አንድ ፎልደር ታጉረዋል። ውስጡ «ሮ» እያለ የሚጀምር ስም ተደርድሯል፤ ያላገቡት ከታች «ት» እያሉ ተሰልፈዋል። ሰብሳቢያችን ጋሼ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ «ሮ ደግሞ ማናት? እንዲህ የምትባል አባል አለችን እንዴ?» አሉ። አባቷን «ገ/ማርያም» ብላ የጻፈች አንዲት እናት ደግሞ ሌላ ጓዳ ተከፍቶላታል፤ መታወቂያዋ «ማርያም» በሚል ስም ብቻውን እዚያ ተቀምጧል።

ጥፋቱ የእዝባር ነው፣ ልጆቹ ስላሽ የሚሏት። እኛ ያለ እሷ ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ መ/ቤት፣ ቀን እንኳ መጻፍ አንችልም። ዊንዶውስ እዝባርን ጨምሮ 9 ምልክቶችን በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፤ እንቢ ይላል፣ ሰውም ያስተካክላል። ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የክላውድ ማከማቻ ግን ብዙውን ጊዜ እንቢ አይልም። እንዲያውም እውነተኛ ፎልደር የለውም፤ ያለው ረጅም ስም ብቻ ነው። እዝባር ባየ ቁጥር ከፊቷ ያለውን ፎልደር አስመስሎ ያሳያል።

ይህስ ያስቃል። የባሰው የሞክሼዎቹ ነገር ነው። በእድራችን የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ወይዘሮዎች አሉ። አይጥ የቀመሰው መዝገብ አንዷን «ወፍጮ ቤት አጠገብ»፣ ሌላዋን «ከድልድዩ ማዶ» ብሎ ለይቷቸው ኖሯል። ፎርሙ ግን ስም ብቻ ነው የጠየቀው። የወፍጮ ቤቷ ቀድማ ላከች፣ የድልድዩዋ ተከተለች፤ ሁለተኛው ፋይል የመጀመሪያውን ድምፅ ሳያሰማ ደመሰሰው። ጉግል ድራይቭ ቢሆን ሁለቱን አንድ ፎልደር ውስጥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይችላል፤ ፋይሉን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን ራሱ በሰጠው መለያ ነውና። የኛ ዓይነቱ የሚያውቀው ስም ብቻ ነው። የቀድሞውን ቅጂ እንዲያስቀር ማዘዝ ይቻላል፤ ማንም አላዘዘውም።

የወፍጮ ቤቷ ባል በጾም መያዣ ሰሞን አረፉ፣ ነፍስ ይማር። ገንዘብ ያዡ ክላውዱን ከፍቶ ከመታወቂያው የቤት ቁጥር አነበበና ድንኳን ተካዮቹን ላከ። ልጆቹ ለሰፈሩ አዲስ ናቸው። ከድልድዩ ማዶ በር አንኳኩተው ምሰሶ ማውረድ ሲጀምሩ የቤቱ አባወራ በፒጃማ ብቅ አሉ።

«ለማን ነው ድንኳኑ?»

«ለእርስዎ ቤት ነው አባባ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴትዮ እዚህ አይደል የሚኖሩት?»

ሰውየው ወደ ውስጥ ዞረው ሚስታቸውን ጠሩ። ቀጥሎ የተባለውን አልጽፈውም፤ ጋሼ ሽማግሌ ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁ መሄዳቸውን ብቻ ልናገር።

እኔ የምፈርደው በልጁ አይደለም፣ ሰው በሞላው ስም ፋይል በመሰየሙ ነው። አንዱ «ሥላሴ» ሌላው «ስላሴ» ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተር ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው። አንዳንዱ ማዕረጉን፣ አንዳንዱ የምዝገባ ቀኑን ይጨምርበታል። ስለዚህ የፋይሉን ስም ፕሮግራሙ ራሱ ያውጣ፤ የሰውየው ስም መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ። አሁን የኛ ፋይሎች የሚጠሩት በአባል ቁጥርና ፋይሉ በገባበት ቀን ነው፤ ቀኑም ከዓመተ ምሕረቱ ይጀምራል፣ ሲደረደር ቅደም ተከተሉን እንዲጠብቅ። በመካከላቸው ያለው ሰረዝ ነው፣ እዝባር የለም።

የናንተም እድር ወደ ክላውድ ሊወጣ ካሰበ፣ ሥራውን የያዘውን ልጅ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የፋይሉን ስም የሚያወጣው ማነው? ሁለት ሞክሼ ቢመጡስ ምን ይሆናል?