ስም አውጪው መልአክ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፖይ እንቅስቃሴዎችን ስም ያወጣውን መልአክ ግን ኳሷ አናቱን ሳትለው አልቀረችም።

ፖይ በገመድ ጫፍ የታሰረች ኳስ ናት፤ በኒውዚላንድ የማኦሪ ሴቶች እየዘፈኑ ያሽከረክሯታል። በእነሱ ቋንቋ ባለአጭር ገመዷ «ፖይ ፖቶ»፣ ባለረጅሟ «ፖይ ሮዋ» ናት። ፖቶ አጭር፣ ሮዋ ረጅም፤ አለቀ።

ነገሩ ወደ እሳት ትርኢትና ወደ ፌስቲቫል ሜዳ ሲሻገር ግን ስም እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈላ። በየእጁ የተያዙት ሁለት ኳሶች ፊት ለፊት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞሩ «ቢራቢሮ»፤ በሁለት ክንዶች መካከል ሲሽከረከሩ «መጋዝ»። «ሽመና»ም አለ፤ ባለሦስት ምት፣ ባለአምስት ምት፤ ቀኑን ሙሉ ሲሸመን ቢውል ታዲያ አንዲት ነጠላ አይወጣውም። እጅ ወደ አንድ፣ ኳስ ወደ ሌላ ሲዞሩ ደግሞ አበባ ይሆናል፤ መዓዛው የጋዝ ነው።

እጅ ከእጅ የሚጠላለፍበት «የሚልስ ዝርክርክ» ከኳስ ወርዋሪው ከስቲቭ ሚልስ የተወረሰ ነው። እኛ ዘንድ ዝርክርክ የተባለ ሰው ይቀየማል፤ እዚያ ማዕረግ ነው።

ጀማሪ ግንባሩን ሲመታ የምታመልጠው ቃል ግን በየአገሩ ትለያያለች፤ እዚህ አትጻፍም።