ጋሼ፣ ምን እያጠኑን ነው?

አየሯን ብላችሁ ሱሉልታ ቤት የሠራችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለጢሱ አበቃችሁ! ሯጩ ለአየሩ ሲል እንጦጦን ተሻግሮ ይመጣል፤ አየሩ ግን የጋሼን በርሜል አይቶ ቀድሞት ሮጧል።

“ጋሼ፣ በርሜልዎ ዛሬም ማጨስ አላቆመችም?”

“ቆሻሻ እያስወገድኩ ነው፤ ምን አገባህ?”

“አዛወሩት እንጂ መች አስወገዱት! ጠዋት እርስዎ ጓሮ ነበር፤ አሁን እኔ ሳንባ ውስጥ ያለ ኪራይ ይኖራል።”

“ኅዳር ሲታጠን ከአባቶቻችን የወረስነው ነው!”

“እነሱ ያጠኑት በ1911 የኅዳር በሽታ አገር ሲጨርስ ነው። መታሰቢያውም ኅዳር 12 ብቻ! እርስዎ ዓመቱን ሙሉ ኅዳር አደረጉት። ደሞ በዳይፐር የሚያጥን ቄስ የት አይተዋል?”

“ረጲስ? እነሱ ሲያቃጥሉ ኃይል ማመንጫ፣ እኔ ሳቃጥል በካይ?”

“ረጲ በነሐሴ 2010 የተመረቀው በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ በልቶ መብራት ይሰጣል ተብሎ ነው። የእርስዎ በርሜል ስንት ዋት ሰጠችን? እንዲህ ያለ ፋብሪካ እሳቱ ከ850 ዲግሪ እንዳይወርድ ይጠበቃል፤ ጢሱም ተጣርቶ ነው የሚወጣው። የእርስዎ እሳት ግን እርጥብ የሽንኩርት ልጣጭ ሲጭኑበት ያኮርፋል። ዳዮክሲን የሚባለው ካንሰር አምጪ መርዝ የሚፈለፈለው በዚህ ኩርፊያ ነው። የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ከተጨመረበትማ ሠርጉ ነው!”

“አመዱን ለጎመኔ እበትነዋለሁ።”

“እንግዲያው ጎመን በእርሳስ ይጋብዙና! የባትሪውና የቀለሙ ጣጣ አመዱ ውስጥ ነው የሚቀረው። ሃይላንዱንስ ምን በደለዎት? ውሃው ከዚሁ ከሱሉልታ ምድር ተቀድቶ፣ ታሽጎ፣ ተሸጦ፣ ባዶው ተመልሶ እርስዎ በርሜል ውስጥ ይሞታል። ቆራሌው በር ላይ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ እየጮኸ!”

“ታዲያ የት ልውሰደው? የቆሻሻ መኪናው መጣ ሲባል እንጂ ሲመጣ አይቼው አላውቅም። ሰንዳፋ እንዳልልከው፣ እዚያ በ2008 ገበሬው የተላከለትን ቆሻሻ እምቢ ብሎ መልሶታል!”

እዚህ ላይ ምላሴ ተያዘ። መኪናውን እኔም አላየሁትማ! ብልሃት ግን አላጣሁም።

“ልጣጩን ጉድጓድ ቆፍረው ያበስብሱት፤ ጎመንዎ ያኔ ይመርቅዎታል። ሃይላንዱን ለቆራሌው።”

“ፌስታሉንስ?”

“ፌስታልማ ስሱ በ1999 በአዋጅ ተከልክሏል፤ በ2017 ደግሞ ጨርሶ ታግዷል።”

“ታዲያ ምን ትጨቀጭቀኛለህ? ኮንትሮባንድ እያቃጠልኩ ነዋ!”