በጋምቤላ የግራና የቀኝ ጥያቄ፦ መጠነኛ ጥናት

ሰው አገር መኪና ተከራይቶ በማያውቁት ጎን ስለ መንዳት፣ ለንደንና ናይሮቢ የደረሱ ወገኖቻችን ብዙ አውርተዋል። ፍሬቻ አሳያለሁ ብሎ ዝናብ መጥረጊያውን ያስነሣው፣ ማርሽ ፍለጋ የበሩን እጀታ የጨበጠው ሰው ታሪክ በየለቅሶ ቤቱ ይነገራል። የጋምቤላ ድርሻ ግን እስካሁን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። መረጃው የተሰበሰበው ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። ከጥላው ወጥቶ መሰብሰብም ይቻል ነበር፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚታከክበት በመጋቢት ግን የምርምር ሥነ ምግባር አይፈቅድም።

ከኪራዩ እንጀምር። በጋምቤላ ታሪክ ትልቁ ኪራይ የመኪና አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል አራተኛ አንቀጽ፣ በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋት ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ። ዛሬ ላንድክሩዘር የሚያከራይ ሰው ውሉን ቢያነብ ወዲያው ቅር የሚለው ነገር አለ፦ የመመለሻ ቀን አልተቆረጠለትም። ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ይላል እንጂ። ተከራዩም ቃሉን ጠብቆ፣ ሱዳን ነጻ በወጣችበት ዓመት፣ በ1956 እ.ኤ.አ. መለሰ። መሬቱን የወሰደው ያለ ሹፌር ነበር፤ ራሱ ነዳው።

ተከራዩ በየብስ ግራውን የሚይዝ ሕዝብ ነው። በውሃ ላይ ግን የመርከብ ሕግ በጠባብ መተላለፊያ ቀኝህን ያዝ ይላል። ስለዚህ ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም ተነሥታ፣ በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ሽቅብ የምትመጣው የእንፋሎት መርከብ፣ ጨውና አቡጀዲ ጭና ቀኟን ይዛ ትደርስና ግራውን ለሚይዝ አስተዳደር ታራግፍ ነበር። ቡናና ሰም ጭና ደግሞ ትመለስ ነበር። ከወደቡ እስከ ጎሬ ያለውን አቀበት የሚወጣው የጭነት በቅሎ ነበር። በቅሎ በጎን ጉዳይ የራሷ የጸና አቋም አላት፦ ገደሉ ያለበትን ትመርጣለች።

ኢትዮጵያ ራሷ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ስዊድን ዓለምን ባስደመመ ዝግጅት ከመዞሯ ከሦስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ የሚደነግጥበት ግጥምጥሞሽ አለ። ጋምቤላ የተመለሰችው በ1956፣ መንገዱ የተገለበጠውም በ1956። አንደኛው በፈረንጆች፣ ሌላኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። በዚህ ላይ የዶክትሬት ማሟያ ለመጻፍ የተነሡ ወጣት ተመራማሪዎች፣ አማካሪያቸውን ከማነጋገራቸው በፊት ካላንደር ቢያዩ እንመክራለን።

ሱዳን እስከ 1973 እ.ኤ.አ. በግራዋ ቀጠለች። በመሆኑም ለዘጠኝ ዓመት ያህል የጋምቤላ ድንበር፣ በሕግ ደረጃ፣ ሹፌር ጎን መቀየር ያለበት ቦታ ነበር። በተግባር ብዙ ሰው አልተቸገረም። ማዶ የደቡብ ሱዳን አማፅያን የአንያንያ ጦርነት አብዛኛውን ዘመኑን ሸፍኖታል፤ ሜዳው ደግሞ በየክረምቱ ውሃ ይተኛበታል። ጎን ለመቀየር በመጀመሪያ መንገድ ያስፈልጋል።

ዛሬ ከስድስቱ ጎረቤቶቻችን በግራ የምትነዳው ኬንያ ብቻ ናት። ደቡብ ሱዳን እንደኛው ቀኟን ትይዛለች። የጋምቤላ ሰው ማዶ ተሻግሮ ሊደናገር ቢያምረው እንኳ አልታደለም፤ ሞያሌ ድረስ መውረድ አለበት። የምሥራች የሚባለው፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ከኡጋንዳ በኩል የገቡ ቀኝ መሪ መኪኖች ሞልተዋል። በዚህ ዓይነት መኪና የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈለግ፣ ፊት ለፊት የሚመጣውን ቀድሞ የሚያየው ሹፌሩ ሳይሆን ጋቢና የተቀመጠው ነው። «አሁን እለፍ» የማለት ሥልጣኑ የተሳፋሪ ነው። እሱን መንጃ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም።

የጎንን ጥያቄ ከሥሩ የነቀለው ግን ባጃጅ ነው። የከተማው ሰው የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በእሱ ነው፤ መሪው ደግሞ መካከል ላይ ነው፤ የእንግሊዝም የፈረንሳይም ወገን አይደለም። በመርሕ ደረጃ ይህ ፍጹም ገለልተኝነት ነው። ችግሩ ሹፌሩ መካከል ላይ አይሰነብትም። ከኋላ ሦስት ሰው ከሞላ በኋላ አራተኛው ሲመጣ «እስቲ ጠጋ እንበል» ይባላል። አራተኛው በሹፌሩ ቀኝ ይለጠፋል፤ ሹፌሩ በግራ ዳሌው ብቻ ይቀመጣል፤ ባጃጁም የአገሪቱን ደንብ ያከበረ ግራ መሪ ተሽከርካሪ ይሆናል። አምስተኛው በግራ በኩል ሲጨመር ሹፌሩ ተጨፍልቆ ወደ መካከል ይመለሳል። ትራፊክ ከሩቅ ብቅ ሲል ሁለቱ ትርፎች ወርደው በእግራቸው ያልፋሉ፤ ትራፊኩ ያያቸዋል፤ እነሱም ያዩታል፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ እንደገና ይሳፈራሉ። ሕግ አልተጣሰም፤ አረፍ ብሎ ተነሣ እንጂ።

ባጃጁ የትኛውን ጎን ይይዛል ለሚለው የደረስንበት ግልጽ ነው። ጉድጓድ ባለበት፣ ጉድጓድ የሌለበት ጎን ትክክለኛው ጎን ነው። ጉድጓድ ከሌለ ጥላ ያለበት። «ወራጅ አለ!» ከተባለ ግን ሁለቱም ይሻራሉ።

መኪና መከራየትን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ሥጋት አይግባው። እዚህ መኪና የሚከራየው በአብዛኛው ከነሹፌሩ ነው፤ ላንድክሩዘሩን ለረድኤት ሥራ ወደ ኩሌ ወይም ወደ ቲርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የሚያደርሰው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ በግራ መንዳት የለመደ እንግዳ የሚፈተነው ገና ሲሳፈር ነው። ከሜልበርን ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሰው፣ በለመደው የተሳፋሪ ጎን ሄዶ በር ሲከፍት መሪ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ሹፌሩ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ከኋላው ይደርስና «ወንድሜ፣ አንተ ልትነዳ ነው እንዴ?» ይለዋል። እንግዳው ሳቅ ብሎ በኮፈኑ ፊት ዞሮ ይሄዳል። የባሕር ማዶ የመንዳት ችግር በጋምቤላ የሚፈጀው ይህን ያህል ነው።

ለአንባቢ የሚጠቅመው የጎን ጥያቄ የወንበር ነው። ጋምቤላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ በጥቅሉ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ በበጋ ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚወጣ ሰው ከሹፌሩ ጀርባ፣ በግራ ረድፍ ይቀመጥ። ሲመለስ በቀኝ። ትኬት የሚቆርጠው ልጅ «ሁሉም ወንበር አንድ ነው» ካለዎት አይስሙት።