ገመድን በርካሽ የመቅበር ሥርዓት

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘውን 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ የዘረጉት ሰዎች በአየር ላይ ሰቅለው ማሳለፋቸው ከጥበብ መሆኑን የምትጠራጠር አንባቢ ሆይ፥ ሐረር ፈረስ መጋላ ካለው ሱቅህ ተነሥተህ በመኪና ግርግር ቁልቁል እስካለው መጋዘንህ ድረስ ለኢንተርኔትና ለካሜራ የሚሆን ገመድ ከምድር በታች፥ ያውም በጥቂት ብር፥ ልታሳልፍ ከቈረጥህ ሥርዓተ ቀብሩ እንደሚከተለው ነው።

አስቀድመህ ለቤት ውስጥ የተሠራውን ስስ ገመድ ግዛ። ባለሱቁ እርጥበት እንዳይገባው ቅባት የተሞላውን የምድር ገመድ ሊያሳይህ ቢነሣ፥ ያ የባለጸጎች መግነዝ ነውና በትሕትና አመስግነህ ተወው፤ ላይ ላዩን መዳብ ተቀብቶ ውስጡ አልሙኒየም የሆነውን ብታገኝማ በረከት ነው።

ጉድጓዱ ከስንዝር አይብለጥ። ባለሙያዎች ክንድ ያህል ውረድ ይላሉ፤ ነገር ግን በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለ ሆነ፥ ያለ ፈቃድ የሚቆፍር ሰው በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ከሚያዝ በአጭሩ ቢያዝ ይሻለዋል። ቱቦ ዋጋ ያወጣልና ሬሳው ያለ ሣጥን ይውረድ፤ አለዚያም የ220 ቮልቱ መስመር ቀድሞ ቱቦ ካለው ታናሹን ከታላቁ ጋር አስተኛው፤ የታላቁ ልጣጭ የተላጠ ለታ 220ው በሙሉ በካሜራው በኩል ሊጎበኝህ ይመጣል። ገመዱ ቢያጥርህ ቀጥለህ በናስትሮ ጠቅልለው፥ መጋጠሚያውንም የክረምት ውሃ በሚያቁርበት ሥፍራ አኑረው።

በካሜራው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ ሒሳብ አለው፥ ሒሳብም ደስ ይለኛል። 12 ቮልቱን በዚያው ቀጭን ገመድ በአንድ ጥንድ ክር ብቻ ላከው። መዳቡ እውነተኛ እንኳ ቢሆን በ100 ሜትር ደርሶ መልስ 19 ኦም ያህል ይቃወማልና፥ ካሜራው ቀን በጥቂቱ እየሳበ ሲያይ ይውልና፥ ሲመሽ የሌሊት መብራቱን አብርቶ ግማሽ አምፔር በጠየቀ ጊዜ ከ9 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል፥ ዓይኑም ይጨልማል። ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ወደ ከተማ የሚገባውም፥ ሌባም የሚነቃው፥ በዚያው ሰዓት ነው።

በመጨረሻ ገመዱ በየት በኩል እንዳለፈ በወረቀት አትጻፍ፥ የማስጠንቀቂያ ላስቲክም ከላዩ አታንጥፍ። ተዝካሩ ሳይደርስ የውሃ ቧንቧ ሊያስገባ የመጣ ቆፋሪ በመጀመሪያው ዶማ ያገኘዋል፤ ቁራጩን ከፍ አድርጎ «ይህ የማን ነው?» ባለ ጊዜም የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች ሁሉ መኪናቸውን አቁመው ወደ ላይ፥ ወደ ሱቅህ ያመለክታሉ።